ባለ 12 ወይስ ባለ 20? በሚኒሶታ ፈዘንትና ጥንቸል ለማደን ለምትዘጋጁ

ጥቅምት ሊገባ ሲል ስልኬ ፋታ አይሰጠኝም። "ዘንድሮ እኔም አደን ልወጣ ነው፤ ምን ጠመንጃ ልግዛ?" ይሉኛል። እዚህ ሚኒሶታ ሀበሻው ብዙ ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው። ከገጠር የመጣን ደግሞ ልጅ ሆነን ቆቅና ጅግራ ስናባርር ነው ያደግነው። ስለዚህ ፍላጎቱ ይገባኛል። የሚያሳስበኝ ጥያቄው ከጠመንጃ መጀመሩ ነው።

እኔም የጀመርኩት ከጠመንጃ ነበር። አንድ ሱቅ ገባሁና ሻጩ ያነሳልኝን ባለ 12 ፓምፕ ሾትጋን ገዛሁ፤ 12 የበርሜሉ ስፋት ቁጥር ነው፣ ፓምፕ ደግሞ በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ማለት ነው። ጠመንጃው ጥሩ ነበር፤ ግን የእኔ ልክ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ትከሻዬ በልዞ ከረመ። የመታሁት ፈዘንት (ቆቅ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው) አንድ ብቻ ነው። ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ እንደሚባለው፣ ወፉ በአንድ በኩል ጥይቱ በሌላ በኩል ይሄዳሉ። ከእኛ ቀድመው ማደን የጀመሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ሰው አብሬያቸው ወጥቼ አዩኝ።

"ጋሼ፣ ጠመንጃው ከብዶኝ ይሆን?" አልኳቸው።

"ከብዶህ አይደለም ልጄ። ረዝሞህ ነው" አሉኝ። የራሳቸውን ባለ 20 አቀበሉኝ። ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። ያን ቀን ከሰዓት ሁለት ወንድ ፈዘንት ይዤ ገባሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እናንተ ያን ሁለት ወር እንዳታባክኑ ነው።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት

የመኖሪያ ወረቀታችሁን ጉዳይ አስቀድሙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በመሠረቱ የተከለከለ ነው፤ የጸና የአደን ፈቃድ ያለው በልዩ ሁኔታ ሊፈቀድለት ይችላል። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ወገን ደግሞ የጓደኛውን ጠመንጃ እንኳ ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ለአንዲት ወፍ ተብሎ የዓመታት ልፋት አይበላሽም።

ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው በሚኒሶታ የአደን ፈቃድ ለማውጣት የመሣሪያ ደህንነት ኮርስ መውሰድ አለበት። ለአዋቂዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ አለ። ኮርሱን ሳትጨርሱ መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ፈቃድ ካለው ሰው ጋር ሆናችሁ በተለማማጅነት የምትወጡበት መንገድም አለ። እኔ ኮርሱን እመርጣለሁ። ጠመንጃ ሲያነሱ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ የማያውቅ ሰው ጎን መሄድ አልወድም።

እንስሳው ዘዴውን፣ ዘዴው ጠመንጃውን ይመርጣል

ትንንሽ አውሬ ሲባል እዚህ በዋናነት አራት ናቸው፤ ፈዘንት፣ ግራውዝ የሚባለው የደን ወፍ፣ ጥንቸልና ስኩዊረል። ዛፍ ላይ የሚወጣውን ስኩዊረል አንዳንዶቻችን ሽኮኮ እንለዋለን። የእኛ አገር ሽኮኮ ግን ገደል ላይ የሚኖር ሌላ እንስሳ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የማትበሉትን አትግደሉ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ጥንቸልም ስኩዊረልም ቤታችሁ አይገባም። ስለዚህ ምርጫችሁ ወፍ ነው፤ ጠመንጃውም ለወፍ ይመረጣል። ጥንቸል የሚበላ ሰው ምርጫው ይሰፋለታል። ሙስሊም ወንድሞች በጥይት ስለተመታ እንስሳ ሼኻቸውን ቢጠይቁ መልካም ነው። እኛም የንስሐ አባታችንን ጠይቀናል። ወፉ ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስንበት በስመ አብ ብለን በቢላ እንጨርሰዋለን።

ወደ ዘዴው ልግባ። ብዙ የማወራው ስለ ፈዘንት ነው፤ ከሀበሻው ብዙው የሚፈልገው እሱን ስለሆነ።

ፈዘንት የዚህ አገር ወፍ አይደለም። ከቻይና ነው የመጣው። በሻንጋይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ኦወን ዴኒ በ1881 ወደ ኦሪገን ላከ። ያ አልተሳካለትም፤ በ1882 የላካቸው ግን ተራቡ። ጠባዩን ቆቅ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። መብረር አይወድም፣ በእግሩ ይሮጣል። መሸሻ ሲያጣ ሣር ውስጥ ልጥፍ ይልና ያሳልፋችኋል። በአንድ ክንድ ርቀት አልፋችሁት አታዩትም።

ውሻ ከሌላችሁ ሰፊ ሜዳ አትግቡ። ጠባብ ቦታ ፈልጉ፤ የበቆሎ ማሳ ዳር ያለ የሣር መስመር፣ የቦይ ዳር፣ ትንሽ ረግረግ። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀበሉ። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። ወዲያ ወዲህ እያላችሁ 15 እርምጃ ያህል ሂዱና ቁሙ። ግማሽ ደቂቃ ዝም በሉ። ወፉ የእግራችሁን ኮቴ እየሰማ የት እንዳላችሁ ያውቃል፤ ኮቴው ሲጠፋበት ነው የሚጨንቀው። ከምቀሰቅሳቸው አብዛኞቹ የሚነሱት ቆሜ ሳለሁ ነው። የሣሩ መስመር የሚያልቅበት የመጨረሻው 10 ሜትር ላይ ደግሞ በጣም ቀስ በሉ። እየሮጠ የመጣው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ብዙ ሰው ግን ደክሞት እዚያው ላይ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ይሰቅላል።

ከዚያ እግራችሁ ሥር ብር ይላል። ልብ ቀጥ ያደርጋል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ወንድ መሆኑን እዩ፤ ቀይ ፊት፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ረጅም ጭራ። አብዛኛውን ጊዜ ሲነሳ ይጮኻል። ሴቷ ቡናማ ናት፤ እሷን መምታት ክልክል ነው። ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባችና ካልለያችሁ ተዉት።

ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁ መስመር ሠርታችሁ ትሄዳላችሁ፤ አንድ ሰው ከሣሩ ማብቂያ ላይ ይጠብቃል። ይህ ዘዴ ብዙ ወፍ ያስነሳል። አደጋውም በዚያው ልክ ነው። የእኛ ሕግ አንድ ነው፤ ከወፉ ኋላ ሰማይ ካልታየ አይተኮስም። ዝቅ ብሎ የሚበር ወፍ ጀርባ ሰው ወይም ውሻ ሊኖር ይችላል። ማን በየት በኩል እንደሚተኩስ ገና መኪናው ጋ ሳላችሁ ተነጋገሩ።

ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀልለታል፤ በተለይ ተመትቶ በሕይወት ያለ ወፍ አይጠፋበትም። ቢሆንም በዓመት ለሦስት ቀን አደን ውሻ አትግዙ። ውሻ 365 ቀን ይበላል፣ 365 ቀን መሮጥ ይፈልጋል።

ግራውዝ በሰሜኑ ደን ውስጥ ነው ያለው። ወጣት የአስፐን ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት አካባቢ እንጨት ይጫንባቸው በነበሩ የድሮ መንገዶች ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ይነሳል፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ዛፍ ይጋርደዋል። ቀላልና አጭር ጠመንጃ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ጥንቸል በረዶ በጣለ ማግስት ይመቻል። ዱካውን ለመለየት ቀላል ነው፤ ትልልቆቹ የኋላ እግሮቹ ከትንንሾቹ የፊት እግሮቹ ፊት ያርፋሉ። ዱካው ወደ ቁጥቋጦ ክምር ገብቶ ካልወጣ እዚያው ነው። ሲያርዱና ሲገፉ ጓንት አድርጉ፤ ቱላሬሚያ የሚባል በሽታ ከጥንቸል ወደ ሰው ይተላለፋል። ሥጋውም በደንብ ይብሰል።

ስኩዊረል ተቀምጦ ነው የሚታደነው። ጎህ ሲቀድ የኦክ ዛፍ ግንድ ተደግፎ 20 ደቂቃ ንቅንቅ አለማለት። ትዕግሥት ላለው ሰው ከሁሉም ርካሹ አደን ይኸው ነው።

ባለ 12፣ ባለ 20፣ 410 እና ባለ 22

ሾትጋን በአንድ ጊዜ ብዙ ትንንሽ ፍሬ ነው የሚተፋው። ለሚበር ወፍ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የበርሜሉ ቁጥር ግን ብዙ ሰው ያምታታል። 12 ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ኳሶች ቢሠሩ አንዱ ኳስ በርሜሉን ልክ ይሞላዋል ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል። ባለ 12 ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 20 ደግሞ 15.6 ገደማ።

ባለ 12 ጥይቱ በየሱቁ አለ፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። ለፈዘንት በብዛት 35 ግራም ያህል ፍሬ ይጎርሳል። ሩቅ የተነሳ ወፍ ላይ፣ በተለይ የብረት ፍሬ ስትተኩሱ፣ ብልጫ አለው። ችግሩ ክብደቱና ግፊቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥ ስትሄዱ ግማሽ ኪሎ ልዩነት ከምሳ በኋላ ይታወቃችኋል። የደከመ ክንድ ጠመንጃ በጊዜ አያነሳም።

ባለ 20 በብዛት 28 ግራም ይጎርሳል። በቁጥር 6 እርሳስ (ቁጥሩ የፍሬው መጠን ነው) ይህ 225 ፍሬ ገደማ ነው። እስከ 30 ሜትር ለሚነሳ ፈዘንት ከበቂ በላይ ነው። ለግራውዝም ለጥንቸልም ይሆናል። ለጀማሪ፣ ቀጠን ላለ ሰውና ለሴቶች፣ እንዲሁም ብዙ ለሚራመድ ሰው የምመክረው ይህን ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ የሚገዛ ወዳጅ ከጠየቀኝ መልሴ ባለ 20 ነው።

410 (ይህ ቁጥር እንደ 12 እና 20 አይቆጠርም፤ የበርሜሉ ስፋት በኢንች፣ 0.410 ማለት ነው) ለልጅ ማስለመጃ ተብሎ ይገዛል። ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን አጭሩ ጥይት 14 ግራም ብቻ ነው የሚይዘው። ፍሬው አነስተኛ ስለሆነ በደንብ የሚያነጣጥር ሰው ይፈልጋል። ለጀማሪ ብዙ መሳትና ብዙ ማቁሰል ይመጣል። ዛፍ ላይ ለቆመ ስኩዊረል ይሁን፤ ለሚበር ወፍ ግን አይሁን።

ባለ 22 ካሊበር ትንሽ ጠመንጃ ሌላ ዓለም ነው፤ ፍሬ አይበትንም፣ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚልከው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ድምፁ ትንሽ ነው፣ ሥጋ አያበላሽም። ከ1964 ጀምሮ የሚሠራው ሩገር 10/22 በብዙ ቤት አለ። ለተቀመጠ ጥንቸልና ስኩዊረል ከእሱ የተሻለ የለም። ለሚበር ወፍ ግን በፍጹም አትተኩሱበት። ያቺ ትንሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። ዛፍ ላይ ስትተኩሱም ከእንስሳው ኋላ ወፍራም ግንድ መኖሩን አረጋግጡ።

አንድ አደጋ ላስጠንቅቅ። ባለ 12 እና ባለ 20 ጠመንጃ አንድ ቤት ካለ ጥይቶቹን በአንድ ኪስ አትያዙ። የባለ 20 ጥይት ቢጫ የሆነው በምክንያት ነው። በስህተት ባለ 12 በርሜል ውስጥ ከገባ ሾልኮ ወደ ፊት ይሄድና ይቀረቀራል። ሰውየው ባዶ መስሎት ባለ 12 ያጎርሳል፣ ምላጩን ይስባል። በርሜሉ እጁ ላይ ይፈነዳል። እኔ ከቤት ስወጣ የጃኬቴን ኪስ ሁሉ ገልብጬ አያለሁ።

አሠራሩስ?

መሐሉ ላይ ታጥፎ የሚከፈተው ባለ አንድ ጥይት ከሁሉም ርካሽና ለማየት ቀላል ነው፤ ከከፈታችሁት ባዶ መሆኑ በሩቅ ይታያል። ለልጅ ጥሩ ነው። ሁለተኛ ዕድል ግን የለውም። ባለ ሁለት በርሜሉ ያምራል፣ አያስቸግርም፣ ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ራሱ የሚያጎርሰው አውቶማቲኩ ግፊት ይቀንሳል፤ ማጽዳት ለሚወድ ሰው ይሁን።

ለብዙዎቻችን የሚሆነው ፓምፑ ነው። ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ ስለተሠራ ያገለገለ በየቦታው ይገኛል። በረዶም ጭቃም ይችላል። ያገለገለ ስትገዙ በርሜሉን በብርሃን እዩት፤ ውስጡ የጎደጎደ ወይም ከውጭ ያበጠ ካለ ተዉት። ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡና ደጋግማችሁ ሳቡት፤ የሚይዝ የሚለቅ ነገር ካለ ዋጋው ቢቀንስም አትውሰዱ።

ልክ ነው ወይስ አይደለም?

ከበርሜል ቁጥሩ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እዩ። ከዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻችሁ አንሱ፣ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ አሳርፉ። አሁን ዓይናችሁን ክፈቱ። አፈሙዙ ላይ ያለችው ትንሽ ማነጣጠሪያ ነጥቡ ላይ ካለች ልካችሁ ነው። በርሜሉን ሁሉ ከላይ ካያችሁ ጉንጫችሁ ከፍ ብሏል። ምንም ካላያችሁ ዝቅ ብሏል። ሲያነሱት ብብታችሁ ሥር የሚያዝ ከሆነ ረዝሞባችኋል። የእኔ ችግር ይኸው ነበር።

ይህን ሙከራ በቲሸርት አታድርጉ። አደን የምትወጡበትን ጃኬት ለብሳችሁ ሂዱ። የታኅሣሥ ጃኬት ሰደፉ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንደመጨመር ነው።

ቾክና ፍሬ

ቾክ አፈሙዙ ላይ ያለች ጠባብ ቀለበት ናት፤ ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን ትይዘዋለች። ብዙ ጀማሪ "ፉል" የሚባለውን ጠባቡን ይመርጣል፣ ኃይለኛ ይመስለዋል። ቅርብ የተነሳን ወፍ ግን ወይ ሳይመታው ያልፋል ወይ ሥጋውን ያደቀዋል። ለግራውዝና ለጥንቸል "ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር" የሚባለውን ሰፋ ያለ አድርጉ። ለፈዘንትም ከእሱ ጀምሩ፤ ወቅቱ ገፍቶ ወፎቹ ሩቅ መነሳት ሲጀምሩ ወደ "ሞዲፋይድ" ቀይሩ።

የፍሬ ቁጥር እንደ በርሜሉ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። ለፈዘንት 5 ወይም 6፣ ለጥንቸል 6፣ ለግራውዝ 7 ተኩል።

እርሳስ ወይስ ብረት? እርሳስ ከባድ ስለሆነ ርቆ ይመታል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን መርዝ ነው። ለውሃ ወፎች አደን በመላው አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ተከልክሏል። ፈዘንት በብዛት የምናድንባቸው የፌዴራል የውሃ ወፎች መራቢያ ቦታዎች ላይም፣ ለፈዘንት ብትወጡም እንኳ፣ እርሳስ መያዝ አይቻልም። ሥጋውን የሚበሉት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው። እኔ ሙሉ በሙሉ ወደ ብረት ዞሬያለሁ። ብረት ስለሚቀል በሁለት ቁጥር ተለቅ ያለ ፍሬ ውሰዱ፤ በእርሳስ 6 ከሆነ በብረት 4። ከ30 ሜትር በላይ አትተኩሱ። በጠባቡ ቾክም አትተኩሱት። የቆየ ጠመንጃ ካላችሁ ብረት መቻሉን መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ይይላችሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ሂዱ። ትልቅ ወረቀት ለጥፉ፣ መሐሉ ላይ የፈዘንት ምስል በማርከር ሣሉ። ከ25 ሜትር ተኩሱበት። በሌላ ወረቀት ድገሙት፣ ሠልሱት። ፍሬው እኩል ተበትኗል? ወፉን የሚያሾልክ ባዶ ቦታ አለ? ካለ ሌላ ዓይነት ጥይት ሞክሩ። የእኔ ጠመንጃ አንዱን ጥይት እንደ ወንፊት እኩል ይበትነዋል፣ በሌላው ግን ግራ ጎኑ ባዶ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ይህ አይጻፍም።

ሌላው ሌላው

ከወገብ በላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ሕግ ነው። የተረፈ ገንዘብ ካለ ጫማ ላይ አውሉት፤ ውሃ የማያስገባ፣ ቀድሞ የተለመደ። የእርሻ መሬት ላይ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትግቡ፣ ምልክት ባይኖርበትም። መኪና ውስጥ ጥይቱ ይውጣ፣ ጠመንጃው መያዣው ውስጥ ይግባ።

የፈዘንት ወቅት ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ 1 ነው። የጽጌን ጾም የሚጾም ሰው ሕዳር 6 ይፈታል፤ ሕዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። በመሐሉ ዘጠኝ ቀን ናት። ከዚያ በኋላ የምትመቱትን ለገና አስቀምጡ። በዚያው ቀን ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ አየር በማያስገባ ላስቲክ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ።

የፈዘንት ሥጋ ስብ የለውም። ደረቱን ከቅልጥሙ ለዩ። ቅልጥሙ ውስጥ ጠንካራ ጅማት ስላለ ከቁሌቱ ጋር ገና ከጅምሩ ይግባ፣ ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ ይቀቀል። ደረቱ መጨረሻ ላይ ይጨመር፤ ቀድሞ ከገባ ይደርቃል። ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን እያንዳንዱን ብልት በጣታችሁ ዳብሱ። ላባ ይዛ የገባች ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ በቢላ ጫፍ ክፈቷት፤ ፍሬዋ እዚያ ናት። ብረት ስለሆነች ማግኔት ብታስጠጉም ታገኟታላችሁ።